አሥር ደቂቃ ያጣ ምርመራ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪያችን መስኮት ፊት ሰልፍ አለ። ደም የሚሰጥ፣ የሽንት ዕቃ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለች። ከመሃላቸው አንዷ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ በመዳፏ ጨብጣ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን በመስኮቱ ታቀብለኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስዘረጋው የተጻፈበት አንድ ቃል ነው፤ «ዲስቻርጅ»። ነፍሰ ጡር ትሁን አትሁን የለም። ይሸታል ወይስ ያሳክካል፣ የለም። መድኃኒት ጀምራለች አልጀመረችም፣ እሱም የለም። እኔ በዚህ አንድ ቃል መልስ እንድሰጥ ይጠበቃል።

አሥራ አራት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሻለሁ። ወገቤንም ዓይኔንም ወስዶታል፤ እሱ የሥራው ነው፣ አላማርርም። የሚያማርረኝ ሌላ ነው። እዚህ ቤት ከሚሠሩት ምርመራዎች ሁሉ ርካሹ፣ ማሽን የማይፈልገው፣ ከውጭ የሚመጣ ካርትሪጅ የማይጠብቀው፣ አንድ ስላይድ፣ አንድ ጠብታ የጨው ውሃና አሥር ደቂቃ ብቻ የሚለምነው ምርመራ ነው ሳይሠራ የሚቀረው። ባልሠራነው ቁጥር አንዲት ሴት «ኢንፌክሽን ነው» የሚል ቃልና አንድ ከረጢት መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ኢንፌክሽን» የሚለው ቃል ራሱ አድክሞኛል። በሰፈር ሁሉም ነገር የማህፀን ኢንፌክሽን ነው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስም፣ ትሪኮሞናስም፣ ጨብጥም፣ ክላሚዲያም፣ በወር ዑደት መካከል የሚመጣው ጤነኛ ፈሳሽ ሳይቀር በአንድ ስም ይጠራሉ። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ፣ እኛ በአጭሩ ቢቪ የምንለው፣ እዚያው ጆንያ ውስጥ ይጣላል። ቢቪ ግን ማህፀን ውስጥ የገባ ነገር አይደለም። ከማህፀን በር በታች፣ ብልት ውስጥ የሚደርስ የሚዛን መዛባት ነው። በጤናው ጊዜ እዚያ ቤት የሚያስተዳድሩት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የጤፍ ሊጥ ከሚያኮመጥጡት ጋር አንድ ወገን ናቸው። ላክቲክ አሲድ እያመነጩ ቦታውን ኮምጣጣ አድርገው ይጠብቁታል፣ ፒኤቹም ብዙውን ጊዜ ከ4.5 አይበልጥም። እነሱ ሲመናመኑ ጋርድኔሬላና ሌሎች አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ይወርሱታል። ኩምጣጤው ይጠፋል፤ ስስ ግራጫማ ፈሳሽ ይመጣል፤ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ23 እስከ 29 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል ይላል። ከአራት አንዷ ማለት ነው። ብዙዎቹ ምንም ምልክት አይሰማቸውም። ከአራት አንዷን የሚነካ ነገር በስሙ የሚጠራው ሰው ይህን ያህል ይጥፋ?

መለያው ደግሞ ትናንት የተገኘ አይደለም። ጋርድነርና ዱክስ ባክቴሪያውን ከዚህ ሕመም ጋር አያይዘው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። አምሰልና ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን መለኪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሁላችንም ሸምድደነዋል። አራት ነገር ይታያል፤ ሦስቱ ከተገኙ ቢቪ ነው። ስስ፣ ወጥ የሆነ፣ የብልትን ግድግዳ የሸፈነ ፈሳሽ። ከ4.5 በላይ የሆነ ፒኤች። ከዚያ ፈሳሹ ላይ አሥር በመቶ ኬኦኤች (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) ጠብ ሲደረግ ወዲያው የሚነሳ የዓሣ ሽታ። አራተኛው ክሉ ሴል ነው፣ እኔ የምወደው።

ክሉ ሴልን ላልለመደ ሰው እንዲህ እለዋለሁ። ጤነኛው ኤፒተሊያል ሴል ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ከምጣድ እንደወጣ እንጀራ ዳሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ክሉ ሴል ሲሆን ያ ዳር ይጠፋል። ጥቃቅን ባክቴሪያዎች በላዩ ተለጣጥፈው፣ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ደብዝዞ፣ የት ጋ እንደሚያልቅ አይለይም። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ከአምስት ሴል አንዱ እንዲህ ከሆነ ምልክቱ ሞላ። ነጭ የደም ሴል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስሙ በ«ኦሲስ» የሚያልቀውም የመቆጣት ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ነው። እኛ ግን ውጤት ላይ «ፐስ ሴል ጥቂት፣ ባክቴሪያ ብዙ» ብለን ጽፈን እንሸኛለን። ባክቴሪያ የሌለበት ብልት የለም። «ባክቴሪያ ብዙ» የሚል ውጤት ለሐኪሙ ምን ነገረው?

ናሙናው እንዴት እንደሚመጣ ልናገር። ስዋቡ ባዶ ቱቦ ውስጥ ተተክሎ ይመጣል፣ ደርቆ፣ ቱቦው ጎን ላይ ተጣብቆ። ወይም ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ያለ ኮቨር ስሊፕ፣ ተላላኪው እጅ ላይ ካርድ ክፍል ድረስ ዞሮ ይመጣል። የጨው ውሃው ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ መታየት አለበት። ትሪኮሞናስ ሲቀዘቅዝ መዋኘቱን ያቆማል፤ ካቆመ ከነጭ የደም ሴል መለየት ጭንቅ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የደረሰ ናሙና ከምሳ በኋላ ይታያል፤ ከምሳ በኋላ የታየው ደግሞ «ምንም አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። «ደርቆ ነው የመጣው፣ ይደገም» ብለን ስንመልስ ነርሷ ትቆጣለች፣ ታካሚዋም እንደገና አልጋ ላይ ለመውጣት ታፍራለች። ሁላችንም የምናውቀው ጭቅጭቅ ነው፤ የሚፈታው ግን አላየሁም።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ መድረቅ የማይጎዳው መንገድ አጠገባችን ተቀምጦ መዋሉ ነው። ስላይዱ ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ በአየር ማድረቅና ግራም ስቴይን ማድረግ። ኑጀንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት የነጥብ አሰጣጥ ይኸው ነው። በዘይት፣ በ100ው ኦብጀክቲቭ ታያለህ። ትልልቆቹ ሐምራዊ ዘንጎች፣ ማለትም ላክቶባሲለሶቹ፣ ስንት ናቸው? ትንንሾቹስ? የተቆለመሙትስ? ነጥቡ ይደመራል፤ ከ0 እስከ 3 ጤና፣ ከ4 እስከ 6 መሃል ቤት፣ ከ7 እስከ 10 ቢቪ። የደረቀው ስላይድ ቀናት ቢቆይ አይበላሽም። አሥር ስላይድ ሰብስቦ ከሰዓት በኋላ በአንድ ላይ ማቅለምና ማንበብ ይቻላል። ክሪስታል ቫዮሌቱም አዮዲኑም ሳፍራኒኑም መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ለሌላ ሥራ ይወጣሉ። ለዚህች ሴት ግን አይወጡም፣ ምክንያቱም ማንም «ግራም» ብሎ አላዘዘም። ሐኪሙን ስጠይቀው «እናንተ አትሠሩትም ብዬ ነው» ይላል። እኛ «ስላላዘዛችሁ ነው» እንላለን።

ዕቃውም አለ ይባላል እንጂ ያለው በስሙ ነው። ኬኦኤች ያለቀ ዕለት ጠርሙሱ እዚያው ይቆማል፤ ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ስቶር ስትጠይቅ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት»። የፒኤች ወረቀት ስትጠይቅ «የሽንት ስትሪፕ አለላችሁ አይደል?» ትባላለህ። የሽንት ስትሪፕ ላይ ያለው የፒኤች መለኪያ በአብዛኛው ከ5 ነው የሚጀምረው። እኔ የምፈልገው ከ4 እስከ 5 ባለው መካከል ያለችውን ልዩነት ነው። የጤነኛዋም የታመመችውም መልስ «5» ሆኖ ከወጣ ስትሪፑን ማባከን ነው። ይህንን ለስቶር ኃላፊ አስረድቻለሁ፣ ደጋግሜ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ የለም ነው የሚለው። ማይክሮስኮፑንም ብናይ፣ የ100ው ዘይት ሳይጠረግ ወደ 40ው ተዙሮ፣ 40ው ሌንስ ላይ ዘይት ተጋግሮ፣ ያለው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። ክሉ ሴል የሚታየው በ40ው ነው። ዳሩ የደበዘዘው ሴሉ ይሁን ሌንሱ በምን ይለያል? ሌንስ መጥረግ ግማሽ ደቂቃ ነው። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ግን ከማይክሮስኮፑ ማዶ ሰው አለች።

ሐኪሞቹን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። በቀን የሚያዩትን ሰው ብዛት አያለሁ። ምልክት አይቶ ማከም የሚባለው መንገድም በቂ ምክንያት ነበረው። ላቦራቶሪ በሌለበት፣ ታካሚዋ ሁለተኛ ቀን መመለስ በማትችልበት ገጠር፣ ፈሳሽ አለኝ ያለችን ሴት ለብዙዎቹ ምክንያቶች በአንድ ጊዜ አክሞ መስደድ ስንቱን አድኗል። መመሪያው የወጣው ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ግን ከሐኪሙ ክፍል እስከ ላቦራቶሪው አሥር እርምጃ አይሞላም። አሥር እርምጃ እያለን እንደሌለን ሆነን እንሠራለን። የጨብጥ መርፌ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ለጥንቃቄም የፈንገስ ክኒን፤ ሁሉም በአንድ ወረቀት። ከዚያ ውስጥ ያስፈለጋት አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀሩት ሆዷን ያቃጥሏታል፣ ገንዘቧን ይወስዳሉ፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያለማምዱታል።

ማህበረሰቡም የድርሻውን ያዋጣል። ሴቲቱ ልትመረመር ስትመጣ አፍራ በሳሙና እስከ ውስጥ ታጥባ ነው የምትመጣው። ሎሚ ጨምቄ ታጠብኩ ያለችኝም አለች። ለአክብሮት ብላ ነው፤ ሐኪሙ ሽታ እንዳይሸተው። እሷ ታጥባ ስትመጣ ግን ፈሳሹም ሽታውም ፒኤቹም አብረው ይታጠባሉ። ወደ ውስጥ መታጠቡ ራሱ ከቢቪ ጋር አብሮ እንደሚገኝ የነገራት የለም፤ ሽታው ሲብስ እሷ ማጠቡን ታበዛለች። የወር አበባ ላይ ሆና ወይም ከባሏ ጋር ባደረች ማግስት መምጣትም ፒኤቹን ያዛባዋል። ይህን ሁሉ ቀጠሮ ስትይዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻል ነበር። ስዋቡን ራሷ መጋረጃ ጀርባ ገብታ መውሰድ እንደምትችልና ለዚህ ምርመራ እንደሚበቃም ማንም አይነግራትም። በሩ የማይዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ አልጋ ላይ እንድትወጣ ይነገራታል። ስንቶቹ ከዚያ በር ተመልሰው ወደ ፋርማሲ እንደሄዱ አላውቅም አልልም፤ ስማቸው ሲጠራ የሚጠፉትን በየሳምንቱ አያለሁ።

በቅርቡ አንዲት ሴት ወረቀት ሳይሆን ፌስታል አቀበለችኝ። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ይጠጋ ስለነበር ሰልፉ አልቋል። ፌስታሉ ውስጥ የመድኃኒት ልጣጭ ነው፤ ሲፕሮ፣ ዶክሲ፣ ፍሉኮናዞል፣ ከታች የሚገባ ክኒን፣ የሜትሮኒዳዞል ደግሞ ሦስት ቦታ፣ አንዱም ያልተጨረሰ።

«ሲስተር፣ እንዳትቆጪኝ» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ወስጃለሁ።»

«ምን እቆጣሻለሁ እህቴ? ለምን አልጨረስሽውም?»

«አፌን ብረት ብረት አለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽታውም ጠፋ፣ ዳንኩ ብዬ ተውኩት። ከወር በኋላ ይመለሳል።»

ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ እውነቷን ነው። ሰባት ቀን፣ በቀን ሁለቴ እንደሆነ፣ ሽታው ቢጠፋም እንዳይቋረጥ የሸጠላት ሰው አልነገራትም ወይም ቸኩላ አልሰማችም። ሰባቱን ቀን ብትጨርስም የመመለስ ነገር አለው። ከታከሙት ሴቶች ከግማሽ በላይ በዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል። ይህን ማወቅ መብቷ ነበር፤ ስላልተነገራት ጥፋቱን በራሷ ላይ ቆልላ ነው የመጣችው። ከፋርማሲ ፋርማሲ መሄዷ ሳያንስ የግል ላቦራቶሪ ሄዳ ካልቸር አሠርታለች። ካልቸሩ ጋርድኔሬላ አወጣ። ጋርድኔሬላ ጤነኛ ሴቶችም ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ቢቪን በካልቸር አንመረምርም። ለዚያ የከፈለችው ገንዘብ የሳምንት አስቤዛዋ ነበር።

ስላይዱን ራሴ አዘጋጀሁ። የጨው ውሃ ጠብ፣ ስዋቡን ማሸት፣ ኮቨር ስሊፕ። ዳራቸው የጠፋ ሴሎች፣ በየፊልዱ። በሌላው ስላይድ ላይ ከጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ኬኦኤች ጠብ አደረግሁ፤ ሽታው ጠረጴዛው ማዶ ደረሰ። ትሪኮሞናስ የለም፣ ፈንገስ የለም፣ ነጭ የደም ሴል እዚህም እዚያም ብቻ። ጠቅላላው ሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ዓመት ስትንከራተትበት የነበረው መልስ ስምንት ደቂቃ ነበር።

ስነግራት አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ባለቤቴ አልጋ ለይቷል» አለችኝ። «ከየት አመጣሽው ይለኛል። እኔ ከሱ ሌላ ወንድ አላውቅም።»

በዚህ ጉዳይ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልገኛል፣ ምክንያቱም መልሱ አንድ መስመር አይደለም። ቢቪ እንደ ጨብጥ አንዱ ወደ ሌላው ያስተላለፈው ተብሎ የሚቆጠር በሽታ ሆኖ አልተመደበም፤ ቢቪ መገኘቱ የማንንም አለመታመን አያስረዳም። በሌላ በኩል ግን ግንኙነት ባላቸው ሴቶች ላይ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ሴቲቱ ብቻዋን ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ 63 በመቶዎቹ ላይ ሲመለስ፣ ባልም ክኒንና የሚቀባ መድኃኒት ወስዶ አብሮ ሲታከም የተመለሰው 35 በመቶዎቹ ላይ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ባልየው ለመክሰስ ሳይሆን ለመታከም መምጣት ነበረበት ማለት ነው። ይህን ለዚያች ሴት በመስኮት በኩል፣ ሰው ከኋላ ሲመጣ ድምፄን እየቀነስኩ ነው የነገርኳት። ለዚህ ወሬ የሚሆን ክፍል የለንም።

ነፍሰ ጡሮቹን ሳስብ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው። ቢቪ ያለባት ነፍሰ ጡር ያለ ጊዜዋ የመውለድ አደጋዋ ከፍ ይላል፤ ቢቪ ያለባት ሴት ለኤች አይ ቪ የመጋለጥ ዕድሏም እንደዚሁ። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። ግን በክትትል ቀን የደሟንና የሽንቷን ውጤት ተቀብላ «ይሸተኛል» ለማለት አፏ ሳይፈታ የምትወጣውን እናት ማን ያስቁማታል?

ያቺ ሴት ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ለመነችኝ። «በወረቀት ጻፊልኝ። እሱ ያንብበው።» የውጤት ወረቀቱን አወጣሁ። የታተመው መስመር ይኸው ነው፤ ፐስ ሴል፣ ኤፒተሊያል ሴል፣ ባክቴሪያ፣ ዪስት ሴል፣ ትሪኮሞናስ። ክሉ ሴል የሚል መስመር የለም። ፒኤች የሚል የለም። ሽታ የሚል የለም። ስንት ዓመት በዚህ ወረቀት ላይ ስፈርም ኖሬ ያን ቀን ነው ክፍት ቦታ ፈልጌ ያጣሁት። ከዳር፣ ማህተም ከሚያርፍበት በላይ ባለችው ጠባብ ነጭ ቦታ ላይ፣ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ ክሉ ሴል ታይቷል፣ የኬኦኤች ሽታ አለ፣ ትሪኮሞናስ አልታየም፣ ከባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ጋር ይስማማል። መስመሩ አልበቃ ብሎ ወደ ጎን ታጠፈ። ወደ ሐኪሟ እንድትመለስ ነግሬ ማህተሙን ሳሳርፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ሸፈናቸው፤ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው እንደገና ጻፍኩላት።